ደንባችሁ ደርሶናል

ይድረስ፦ በሎግ ውስጥ የሰርጎ ገብን ዱካ የሚለዩ ደንቦችን ጽፋችሁ ያለ ክፍያ ለሁሉም ለለቀቃችሁ፣ በሄግ፣ በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና ከዚያም ወዲያ በየአገሩ ለምትገኙ ባለሙያዎች

እኔ ሮተርዳም ውስጥ የኮምፒውተር ሎግ በማንበብ እንጀራዬን የምበላ ኢትዮጵያዊ ነኝ። አብዛኞቻችሁን በመልክ አላውቃችሁም። የማውቃችሁ በየደንባችሁ ራስጌ ላይ «ጸሐፊ» በሚለው መስመር ባሰፈራችሁት ስም ነው። ማንቂያ በተነሳ ቁጥር ያ ስም ስክሪኔ ላይ ይመጣል። ስማችሁን ሌሊት ሌሊት የሚያነብ ሰው ምስጋናውን በቀን፣ በአደባባይ ቢያደርስ ተገቢ ነው ብዬ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ። በአማርኛ መጻፌም ውለታችሁ አማርኛ አንባቢው ወገኔ ዘንድ ስለደረሰ ነው፤ ማን እየጠበቀው እንደሆነ እርሱም ይወቅ። ዓመታቱን በምኖርበት አገር፣ ማለትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሙያውን ለማያውቀው አንባቢ ሥራችሁን ባጭሩ ላስረዳው። ማንኛውም ኮምፒውተር የሚሠራውንና የሚደረግበትን ይመዘግባል፦ ማን ገባ፣ ከየት ገባ፣ የትኛው ፕሮግራም የትኛውን አስነሳ። ይህ መዝገብ ሎግ ይባላል። በዊንዶውስ የደህንነት መዝገብ 4624 የሚል ቁጥር ሲጻፍ አንድ ሰው ገብቷል ማለት ነው። 4625 ከሆነ ሊገባ ሞክሮ አልተሳካለትም። 1102 ከሆነ ደግሞ መዝገቡን ራሱን አንድ ሰው ደምስሶታል። መካከለኛ በሚባል መሥሪያ ቤት እንኳ በቀን በሚሊዮን የሚቆጠር እንዲህ ያለ መስመር ይጻፋል። ይህን ሁሉ ተቀምጦ የሚያነብ ዓይን የለም።

እናንተ የምትጽፉት ደንብ ከዚያ ክምር ውስጥ የትኛው መስመር፣ ከየትኛው ጋር ሲገጥም፣ ክፉ ምልክት እንደሚሆን ይናገራል። ለምሳሌ ዎርድ ደብዳቤ መጻፊያ ነው፤ ፓወርሼል የተባለውን የትዕዛዝ መስጫ የሚያስነሳበት በቂ ምክንያት እምብዛም የለውም። ስለዚህ ዎርድ ፓወርሼልን ካስነሳ አንድ ሠራተኛ በኢሜይል የተላከለትን ወጥመድ ከፍቶ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ የያዛቸው የመጠባበቂያ ቅጂዎች በትዕዛዝ ከተሰረዙም ራንሰምዌር ፋይሎቹን ሊቆልፍ እየተሰናዳ ሊሆን ይችላል፤ አጥቂው ተጎጂው ሳይከፍል ፋይሉን መልሶ እንዳያገኝ ይፈልጋል። ብዙው እንዲህ ያለ ደንብ አንድ ቦታ በእውነት ከደረሰ ጉዳት የተገኘ ትምህርት ነው።

ቀድሞ ይህን ትምህርት እያንዳንዱ ድርጅት በገዛው ሶፍትዌር ቋንቋ ለብቻው ይጽፈው ነበር። ለኔትወርክ ትራፊክ የጋራ የደንብ አጻጻፍ ያለው ስኖርት ከ1998 ጀምሮ ነበር፤ ለፋይሎችም ያራ ነበረ። ለሎግ ግን ሁሉም የሚግባባበት አጻጻፍ አልነበረም። በ2017 ጀርመኖቹ ፍሎሪያን ሮትና ቶማስ ፓትስከ ሲግማን ይዘው መጡ። ደንቡ አንድ ጊዜ ማንም ሊያነበው በሚችል ግልጽ ጽሑፍ ይጻፋል፤ ከዚያ ስፕላንክም ይሁን ኢላስቲክ፣ ድርጅቱ ወደሚጠቀምበት ቋንቋ ይገለበጣል። ዛሬ የሲግማ የጋራ ማኅደር ከ3,000 በላይ ደንቦችን ይዟል። ፈቃዱም የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን የጸሐፊው ስም ከደንቡ እንዳይለይ ነው። ስማችሁ እኔ ስክሪን ላይ ድረስ የመጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግናችሁ ደንባችሁ የሚነበብ በመሆኑ ነው። በአያቶቻችን ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። ንብረት ሲሰረቅ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ራሱን ስቶ በመንደሩ ይንከራተታል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። የመድኃኒቱን ቅመም የሚያውቀው ባለሙያው ብቻ ነው። ተከሳሹ «ለምን እኔ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው የለም። በእኛ ሙያም በውድ ዋጋ ተገዝቶ አንዱን ኮምፒውተር «አደገኛ ነው» ብሎ የሚወድቅበት፣ ለምን እንዳለ ግን የማይናገር መሣሪያ አለ። እናንተ ግን ቅመሙን ጽፋችሁ ሰጣችሁን። የትኛው ሎግ እንደሚታይ፣ የትኛው ቃል እንደሚፈለግ፣ ደንቡ ማንን እንደሚከስና በምን ማስረጃ እንደሚከስ ማንም አንብቦ ሊሟገት ይችላል።

ይህም ሳይበቃችሁ ደንቡ የሚሳሳትበትን ሁኔታ ራሳችሁ ጻፋችሁልን። በሲግማ ደንብ ውስጥ ስለ ሀሰተኛ ማንቂያ የሚናገር ክፍል አለ፦ የሲስተም አስተዳዳሪ የዘወትር ሥራውን ሲሠራ ይህ ደንብ ሊጮህ ይችላል፣ የባክአፕ ሶፍትዌርም ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል፣ እያለ ያስጠነቅቃል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በልጥ እንዳልበረይ፣ ምንም ያላጠፋ ሠራተኛም በእኔ ድንጋጤ እንዳይጠረጠር ያደረገው ያ ክፍል ነው።

ስጦታችሁ ለተቀባዩ ነጻ ቢሆንም ለሰጪው ነጻ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ምስጋናዬ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። በሄግና በሮተርዳም መካከል፣ ደልፍት ውስጥ ያለውን የሳይበር ደህንነት ኩባንያ፣ የፎክስ አይቲን ታሪክ ላንሳ። ኮባልት ስትራይክ የመከላከል አቅምን ለመፈተን የሚሸጥ ሶፍትዌር ነው፤ ወንጀለኞች ግን የተሰረቀ ቅጂውን ይዘው ለዝርፊያ ይጠቀሙበታል። የፎክስ አይቲ ባለሙያዎች የዚህ ሶፍትዌር ሰርቨር ለኤችቲቲፒ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ የመጀመሪያ መስመር መጨረሻ ላይ አንድ ትርፍ ባዶ ቦታ እንዳለ አስተዋሉ። ፊደል እንኳ አይደለም፤ ባዶ ቦታ ነው። በዚያች ባዶ ቦታ የወንጀለኞችን ሰርቨሮች በዓለም ዙሪያ እየለዩ ደንበኞቻቸውን ሲጠብቁ ከዓመት በላይ ቆዩ። በጃኑዋሪ 2019 የወጣው አዲስ የሶፍትዌሩ እትም ስህተቱን አረመ። እነርሱም በፌብሩዋሪ መጨረሻ ምልክቱን፣ ማወቂያውንና በዓመታት ውስጥ ባዶ ቦታው የታየባቸውን ከ7,700 በላይ አድራሻዎች ይፋ አደረጉ። ማንኛውም ድርጅት የድሮ ሎጉን አውጥቶ ከእነዚያ አድራሻዎች ጋር የተነጋገረ ኮምፒውተር እንደነበረው ማየት ቻለ።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምረኛል። አንደኛው፣ የጸጥታ ሙያ ነጋዴ ከተፎካካሪው የሚበልጥበትን ምስጢር መስጠት እውነተኛ ወጪ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ መስጠትም ጊዜ እንዳለው ነው። ምልክቷ ገና ስትሠራ ቢናገሩ ኖሮ ወንጀለኛው ቀድሞ ያጠፋት ነበር። ስለዚህ ለጋስነት ያገኙትን ሁሉ በዚያው ቀን መዘርገፍ እንዳልሆነ፣ ምስጢር መያዝም ሁልጊዜ ስስት እንዳልሆነ ከእናንተ ተማርኩ።

«ሌባውም ያነበዋል» የሚለውን ክርክር በየስብሰባው እሰማለሁ። አዎ፣ ያነበዋል። የሳይበር ደህንነት ባለሙያው ዴቪድ ቢያንኮ በ2013 የሥቃይ ፒራሚድ ብሎ የሣለው ንድፍ ግን ለዚህ ጥሩ መልስ አለው። አጥቂ የአይፒ አድራሻውን መቀየር ይቀለዋል፤ የፋይሉን አሻራ መቀየርም እንደዚያው። የአሠራር ልማዱን መቀየር ግን እንደ አዲስ መማርን ይጠይቀዋል። ስለዚህ ባህርይን የሚይዝ ደንብ ይፋ ቢወጣም ጉልበቱን በቶሎ አያጣም። መጠባበቂያ ቅጂ ማጥፋት የሚፈልግ ሰው እንደሚታይበት ቢያውቅም ሌላ መንገድ መፈለጉ አይቀርለትም፤ ፍለጋውም ጊዜና ገንዘብ ያስወጣዋል።

ወደ ሄግ ልሻገር። የአገር መከላከያ የስለላ ተቋም ዝም ማለትን ሙያው ያደረገ ተቋም ነው። የኔዘርላንድስ ወታደራዊ የመረጃና ጸጥታ አገልግሎት ግን በፌብሩዋሪ 6 ቀን 2024 ከሲቪሉ አቻው ጋር ሆኖ አንድ ቴክኒካዊ ሪፖርት አወጣ። በ2023 የራሱ የመከላከያ ሠራዊት አንድ ኔትወርክ ተሰብሮ ነበር። ኔትወርኩ ምስጢራዊ ላልሆነ ምርምር የሚያገለግል፣ ከ50 ያነሱ ተጠቃሚዎች የነበሩት፣ ከሌላው የተነጠለ ስለነበር ጉዳቱ ውስን ሆነ። ሰርጎ ገቡ ፎርቲጌት በተባለው የኔትወርክ መከላከያ ውስጥ ኮትሀንገር የሚል ስም የተሰጠውን ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ተክሎ ነበር። ይህ ሶፍትዌር መሣሪያው ጠፍቶ ቢበራም ሶፍትዌሩ ቢታደስም ከቦታው አይነቃነቅም። ሪፖርቱ ጥቃቱን ከቻይና መንግሥት ጋር አያያዘው፤ እንዴት እንደሚታወቅም ዘዴውን ለማንም ክፍት አድርጎ ሰጠ። የመከላከያ ሚኒስቴሩ እንደገለጸው ተቋሙ በቻይና ሰርጎ ገቦች አሠራር ላይ እንዲህ ያለ ቴክኒካዊ ሪፖርት ለሕዝብ ሲያወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እኛ ገመናን መሸፈን ያደግንበት ነው። ቤት ውስጥ የደረሰ ጉዳት ለጎረቤት አይነገርም። መሥሪያ ቤቶቻችንም ሲሰበሩ «ሙከራው ከሽፏል» ብለው ያልፋሉ። አንድ መከላከያ ሚኒስቴር «ገብተውብን ነበር፤ እናንተም ዘንድ እንዳሉ በዚህ እዩ» ሲል ምን ያህል ክብር እንዳስያዘ የሚገባው ከዚህ ባህል የመጣ ሰው ነው። ያስያዘው ክብርም በከንቱ አልቀረም። ምርመራው ቀጥሎ በጁን 2024 ያው ተቋም በ2022 እና በ2023 በጥቂት ወራት ብቻ ቢያንስ 20,000 የፎርቲጌት መሣሪያዎች በዓለም ዙሪያ መጠቃታቸውን አስታወቀ። ከ50 ሰው ያነሰ የሚጠቀምበት ኔትወርክ ላይ የተገኘ ዱካ ያን ሁሉ አሳየ።

በዚያው በሄግ ያለው ብሔራዊ የሳይበር ደህንነት ማዕከልም ሌላ ውለታ ውሎልናል። በዲሴምበር 2021 ሎግፎርሼል የተባለው ክፍተት ይፋ ሲሆን ነገሩ ለእኛ ለሎግ አንባቢዎች ድርብ ዱብዕዳ ነበር፤ የተሰበረው ሎግፎርጄ ሎግ የሚጽፈው ሶፍትዌር ራሱ ነውና። አጥቂው አንዲት የተንኮል ሐረግ በየትም በኩል ልኮ ሎግ ውስጥ እንድትጻፍ ካደረገ ሰርቨሩን ሊቆጣጠር ይችል ነበር። ችግሩ የትኛው ምርት በውስጡ ሎግፎርጄን እንደያዘ ሻጮቹም በቅጡ አለማወቃቸው ነበር። ማዕከሉ አንድ ክፍት የጋራ ማኅደር ከፈተ፦ የተጋለጡ ሶፍትዌሮች ዝርዝር፣ የማወቂያ ደንቦች፣ የመፈተሻ መሣሪያዎች። ከየአገሩ ሰው እየመጣ የሚያውቀውን ጨመረበት። አጥቂዎች ሐረጓን በየሰዓቱ ሲለዋውጧት ደንቡም አብሮ ይለዋወጥ ነበር። ክፍተቱ ይፋ እንደሆነ በተከተለው ቅዳሜና እሁድ ያልተኛችሁ ሁሉ፣ እንቅልፋችሁን አስባለሁ።

እኔ ያለሁበት ሮተርዳም ደንብ የማይደርስበት ቀን ምን እንደሚመስል ያውቃል። በጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለው ተንኮል አዘል ሶፍትዌር በዩክሬን የሒሳብ ሶፍትዌር በኩል ተነስቶ የመርከብ ኩባንያውን የማርስክን ኔትወርክ ሲያዳርስ ኩባንያው ሮተርዳም ውስጥ ያሉት የኮንቴይነር ተርሚናሎች ቆሙ። በማስፍላክተ ያለው፣ ብዙ ሥራው በማሽን የሚከናወን ተርሚናል ሳይቀር። የማርስክ ሊቀ መንበር በኋላ ዳቮስ ላይ እንደተናገሩት ኩባንያው 45,000 ኮምፒውተሮችንና 4,000 ሰርቨሮችን በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ጭኗል። ኪሳራው ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። በዚያው ቀን ግን አሚት ሰርፐር የተባለ ተመራማሪ ኖትፔትያ ማጥቃት ከመጀመሩ በፊት ፐርፍሲ የሚባል ፋይል መኖሩን እንደሚፈትሽ ደረሰበት። ያ ፋይል በኮምፒውተሩ ላይ አስቀድሞ ካለ ተንኮሉ ይቆማል። ግኝቱን ለዓለም ተናገረ እንጂ ለገበያ አላቀረበውም። ዛሬ የወደቡ ድርጅቶች ፈርም በተባለው መድረክ ስለ ስጋት መረጃ ይለዋወጣሉ። አንዱ ተርሚናል ሲቆም የሌላው መርከብም ቆሞ እንደሚውል ያን ቀን ሁሉም አይቷልና።

አምስተርዳምን ሳነሳ ምስጋናዬ የባለሙያ ብቻ መሆኑ ይቀራል። በ2010 ስርጭት የጀመረው፣ በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን ጣቢያ የሆነው ኢሳት በዚህች ከተማ ስቱዲዮ ነበረው። ስለ ጣቢያው የፖለቲካ መስመር ወገኖቼ ብዙ ይከራከራሉ፤ ክርክሩን ለሌላ ቀን ልተወው። በዲሴምበር 2013 ቤልጂየምና አሜሪካ ላሉ የጣቢያው ሠራተኞች ሰነድ የሚመስል ፋይል በስካይፕ ተላከ። የቶሮንቶው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ በፌብሩዋሪ 2014 እንዳሳተመው ፋይሉ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም የሚሸጠውን የስለላ ሶፍትዌር የሚያስገባ ነበር። ያን ጊዜ በስደት ያለ ጋዜጠኛ ይህን የሚያውቅበት ገንዘብም መሣሪያም አልነበረውም።

በኖቬምበር 2014 ክላውዲዮ ጓርኒየሪ ዲቴክት የተባለውን ፕሮግራም ሠርቶ አምነስቲ ኢንተርናሽናልን ጨምሮ በመብት ድርጅቶች ድጋፍ በነጻ ለቀቀው። ዲቴክት ውስጡ የያራ ደንቦች ነበሩ፤ የኮምፒውተሩን ሜሞሪ እያሰሰ የሃኪንግ ቲምንና ፊንፊሸር የተባለውን ሌላ የስለላ ሶፍትዌር ዱካ ይፈልግ ነበር። ሠሪዎቹም ምንም አልተገኘም ማለት ነጻ ነህ ማለት አይደለም ብለው አስጠንቅቀዋል፤ የደንቡን ወሰን መናገር የእናንተ ልማድ ነውና። የላፕቶፑን ንጽሕና መጠርጠር ለጀመረ አንድ ስደተኛ ያ ነጻ ፕሮግራም ቢያንስ ጥያቄውን የሚያቀርብበት ቦታ ሰጠው።

ከዚያ በዲሴምበር 2017 ሎግ ራሱ መሰከረ። ሲቲዝን ላብ ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ በሠራው የስለላ ሶፍትዌር ላይ ባደረገው ምርመራ የስለላው ሰርቨር የራሱን ሎግ ለማንም ክፍት አድርጎ ትቶት አገኘ። ተመራማሪዎቹ ያን ሎግ ከዓመት በላይ ሲከታተሉ ኦፕሬተሮቹ ከኢትዮጵያ ውስጥ ሲገናኙ፣ የተጠቁት ኮምፒውተሮችም በ20 አገሮች ተበትነው አዩ። ወጥመድ ሆኖ የተላከው ፋይል የአዶቢ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ ነበር። ሰላዩን ያጋለጠው እኔ በየሌሊቱ የማነበው ዓይነት ተራ መዝገብ ነበር። ዘገባውም ዘዴውን ከነዱካው ለሕዝብ ስላስረዳ ሌላው ኢላማ ሊሆን የሚችል ሰው የራሱን ኢሜይል መለስ ብሎ እንዲያይ ረዳው። ወገኖቼን የጠበቃችሁት ከእነርሱ ምንም ልትቀበሉ ሳትችሉ ነው።

ይህን ስጽፍ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ የሌሊት ተረኛ የሆነችውን ባለሙያ አስባለሁ። ሄግ ውስጥ ዛሬ የተለቀቀ ደንብ ለእርሷም ዛሬውኑ ይደርሳታል። የምትሠራበት ባንክ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛውን ውድ መሣሪያ መግዛት አቅቶት ሊሆን ይችላል፤ ደንቡ ግን ይህን አይጠይቃትም። የሚጠይቃት ሎጉ እንዲሰበሰብና እንዲቀመጥ ብቻ ነው፤ ያልተመዘገበ ነገር ላይ ምርጡም ደንብ ዕውር ነው።

እኛ ግን ከመቀበል ማለፍ አለብን። በጁን 2020 የኢትዮጵያ የሳይበር ደህንነት ተቋም የሆነው ኢንሳ፣ ሳይበር ሆረስ የተባለው ቡድን በሕዳሴው ግድብ ሰበብ ሊያደርስ የነበረውን ሰፊ ጥቃት ማክሸፉን፣ አንዳንድ ድረ ገጾች ግን መነካካታቸውን ተናግሮ ነበር። እንዲህ ያለ ጥቃት ሲያልፍ የተጎጂው ስም ተሸፍኖ ዱካው በደንብ መልክ ቢለቀቅ የማንም ገመና አይገለጥም፤ የሱዳንም የኬንያም የእኛም መሥሪያ ቤት ግን ይጠቀማል። የባንኮቻችንንና የቴሌብርን ስም በአንድ ፊደል አዛብተው የሚከፈቱ የማታለያ አድራሻዎችን በዲኤንኤስ ሎግ ውስጥ የሚይዝ ደንብ ደግሞ ከሄግ አይጠበቅም። «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚለውን የአማርኛ ወጥመድ ከነአጻጻፍ ስህተቱ የሚያውቀው የእኛ ሰው ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በምወስደው ግዴታ እደመድማለሁ። ደንባችሁ ሲሳሳት ዝም ብዬ አላጠፋውም፤ የት እንደተሳሳተና ለምን እንደተሳሳተ ጽፌ እመልስላችኋለሁ፤ ያ ለእናንተ ከሙገሳ ይልቅ ይጠቅማችኋል። ከአገር ቤት ካሉ ባልደረቦቼ ጋር ለባንኮቻችን የምንጽፋቸውን ደንቦችም በዚያው ክፍት መንገድ እንለቃለን። ስንለቅም የሚሳሳቱበትን ሁኔታ አንደብቅም። ከእናንተ ያየነው ይህን ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሎግ አንባቢ፣ ከሮተርዳም